ካንዴላው እማዬ ኪስ ውስጥ ነው

ቁንጫ ከነጋ ጀምሮ በጋራዡ በር ስትወጣ ስትገባ ደፉ ሊያልቅ ምንም አልቀረው። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቦታ ረግታ መቀመጥ ስለማታውቅ አባቷ ቁንጫ አላት፣ ሰፈሩ ተቀበለው፣ በቃ ቀረ። ትምህርት ጨርሳም ስሙ አልለቀቃትም። ዛሬ ደግሞ ብሶባታል። ወጣ ትልና መንገዱን ታያለች፣ ትገባና ሰዓቷን ታያለች፣ ተቀመጠች ሲሏት ተነስታለች።

«አንቺ ልጅ፣ አዞርሽኝ እኮ!» አለ አባቷ ከእንቁራሪት ስር ሆኖ። የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። «ወይ ውጪ ወይ ግቢ። በሩ እንኳ ይረፍ።»

«አጎቴ የት ደረሰ?»

«መንገድ ላይ ነኝ ብሏል።»

«እሱ መንገድ ላይ ነኝ ካለ ገና ካልሲ እየፈለገ ነው።»

እንቁራሪት የሷ ጎካርት ናት። አራት ትንንሽ ጎማ፣ አንድ ወንበር፣ ከኋላ ከሳር ማጨጃ ማሽን የተነቀለ ሞተር፣ አለቀ። በር የላት፣ ጣሪያ የላት። ሆዷና መሬቱ መሀል እጅ እንኳ በደንብ አይገባም። ወንበሯ ከስታዲየም የተጣለ ፕላስቲክ ነው፣ ከጀርባው ቁጥሩ ራሱ አልለቀቀም። አረንጓዴ ስለሆነችና ስትነሳ ዘለል ስለምትል እንቁራሪት ተባለች። አባትና ልጅ ስንት ቅዳሜና እሁድ ብረት ሲቆርጡ፣ ሲበይዱ፣ ሲጨቃጨቁ ከርመው ነው የሰሯት።

ይሄ ሁሉ ታዲያ ለዛሬ ነው። ከከተማው ዳር ያለው የካርት ክለብ አዳዲስ ነጂዎች የሚመርጠው በዓመት አንዴ ነው፣ እሱም ዛሬ። ካርትህን ይዘህ ትመጣለህ፣ ትነዳለህ፣ ከፈጠንክ ክለቡ ይወስድሃል። የሜዳው በር አራት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከዛ በኋላ የመጣ ለከርሞ ነው። ከርሞ ደግሞ ለቁንጫ የለም በሉት፤ ከርሞን የምትጠብቅበት አንጀት አልተፈጠረላትም።

የአባቷ ስልክ ጮኸ። አጎቷ ነው። አባቷ ከካርቷ ስር ተንሸራቶ ወጣና እያዳመጠ ፊቱ ቀስ በቀስ ሲረዝም ታየ።

«ባትሪው ነው የሞተው ወይስ አንተ?… አልነሳም ማለት ምን ማለት ነው?… ስንቴ ነገርኩህ ያን ፒካፕ አሳየኝ ብዬ! ወንድምህ መካኒክ ሆኖ… ተወው። ተወው በቃ።»

ስልኩን ዘጋው። ቁንጫ አልጠየቀችም። የራስ ቁሯን አንስታ አጠለቀች።

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«ነድቻት እሄዳለሁ።»

«በምን ካንዴላ?»

ወይኔ! ካንዴላው። ለካ ረስታዋለች።

የካንዴላውን ነገር ለመናገር እናትየዋን ማምጣት ግድ ነው። የቁንጫ እናት ትራፊክ ፖሊስ ናት። ያውም ዝም ብላ ትራፊክ አይደለችም፤ ትልቁ አደባባይ ላይ ነው የምትቆመው፣ ሹፌሮች ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ቀበቷቸውን የሚያስሩላት አይነት። ቤት ውስጥ ደግሞ ከዛ ትብሳለች። እና እንቁራሪት ከተሰራች ወዲህ እራት በቀረበ ቁጥር አንድ ጭቅጭቅ ነበር፤ ጎካርት አስፋልት ላይ ይነዳል ወይስ አይነዳም?

የመጀመሪያ ቀን እናትየዋ ሳቀች። «እሷ? መብራት እንኳ የላት!» አለች።

በማግስቱ እንቁራሪት መብራት ነበራት።

«ክላክስስ?» አለች እናትየዋ። ክላክስ መጣ፣ ከሞተር ሳይክል ላይ፣ ድምፁ ጫጩት ሲረገጥ። «ስፖኪዮ የሌለው ነገር መንገድ ላይ?» አለች። ግራና ቀኝ ስፖኪዮ ተገጠመ። ፍሬቻ አለች፣ ፍሬቻ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ሴትዮዋ ለምን እንደማይሆን ነበር የምትዘረዝረው፤ አባትና ልጅ የሚሰሙት ግን ምን እንደቀራቸው ነው። ሁለቱም እንደዛ ናቸው፤ ጎደለ ያልከውን በብሎን ያስሩልሃል።

በመጨረሻ አንድ ማታ ቁንጫ ደረቷን ነፍታ «አሁንስ ምን ቀራት?» አለች።

«ሰሌዳ። ሊብሬ። ኢንሹራንስ። አንቺን መንጃ ፈቃድ። አባትሽን ጭንቅላት።»

«እና ሰሌዳ ስጧታ!»

«ለመጫወቻ ሰሌዳ አይሰጥም።»

«መጫወቻ?! እማዬ፣ መጫወቻ አልሽ?»

«ሜዳ ላይ የምትነዳ መጫወቻ ናት። ፈጣን ናት፣ ቆንጆ ናት፣ ግን አስፋልት ላይ አትወጣም። ሕጉ ነው። እኔ አይደለሁም ያወጣሁት።»

ቁንጫ በዚህ አላበቃችም። አንድ ቀን ቅያሱ ጭር ሲልላት ሞተሩን አስነስታ ብቅ አለች፤ እናቷ ደግሞ ከስራ ስትመለስ ጥግ ላይ ተገናኙ። ከዛን ቀን ጀምሮ እናትየዋ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ካንዴላውን ራሷ ትፈታና የደንብ ልብሷ ኪስ ውስጥ ከታ ትሄዳለች። ካንዴላ ማለት ትንሽ ነገር ናት፣ አውራ ጣት ብታክል ነው። ግን ሞተሩ ውስጥ እሳቱን የምትጭረው እሷ ናት። እሷ ከሌለች የማስነሻውን ገመድ እስኪመሽ ብትጎትት ክንድህ ይገነጠላል እንጂ ሞተሩ አይነሳም።

ዛሬም ወስዳዋለች። የተስማሙት፣ አጎትየው በፒካፕ ጭኗቸው በአደባባዩ ሲያልፉ ቆም ብለው ሊቀበሏት ነበር። አሁን ፒካፕ የለም።

አባቷ ለሚስቱ ደወለ። ከስልኩ ውስጥ ጥሩምባና ፊሽካ ብቻ ነው የሚሰማው።

«አለቃዬ፣» አለ፤ ነገር ሲበላሽበት ነው እንዲህ የሚላት፣ «ወንድሜ ጉድ ሰራን። ብንገፋትስ? እንዲሁ በእጃችን?»

ፊሽካዋን አንዴ ነፋች። ከዛ «ሞተሩ የማይሰራ፣ ሰው ያልተቀመጠበት ነገር ዕቃ ነው፤» አለች። «ግፏት። ዳር ዳሩን ያዙ። ወንበሩ ባዶ ይሁን። ሰማችሁኝ? ባዶ!»

ቁንጫ የጋራዡን በር ሁለቱንም ክንፍ በርግዳ ከፈተችው።

የጎካርት መግፋት ችግሩ ዝቅታው ነው። መኪና እንደሚገፋ ሰው ቆመህ አትገፋውም፤ ጎንበስ ብለህ፣ ቂጥህን ለሰፈሩ ሰጥተህ ነው። ገና ጥጉን ሳይታጠፉ ፀጉር ቆራጩ ከነመቀሱ በር ላይ ብቅ አለ።

«መካኒኩ! ነዳጅ አለቀባችሁ?»

«ስፖርት እየሰራን ነው!» አለ አባቷ ቀና ሳይል።

«ኧረ ስፖርቱ ወገብህን ይዞት እንዳይቀር!»

ትንሽ አለፍ እንዳሉ አትክልት የምትሸጠዋ ሴትዮ ከጃንጥላዋ ስር አንገቷን አወጣች። «ውይ፣ ሕፃኑ የታል?» አለች፤ የልጅ ጋሪ መስሏታል። ቁንጫ በሌላ ጊዜ ቢሆን ቆማ መልስ ትሰጣት ነበር። ዛሬ ግን ሰዓቷን ብቻ ነው የምታየው። ትገፋለች፣ ታያለች፣ ትገፋለች። አባቷ በየመብራት እንጨቱ ቆሞ ወገቡን ይይዛል። እሱ ሲቆም እሷ በዙሪያው ትዞራለች።

«አባዬ፣ እንሂድ።»

«ትንፋሽ ልውሰድ እንጂ።»

«እየሄድን ውሰድ።»

መጋዘኖቹ ጋ ሲደርሱ መንገዱ ወደታች ዘቀጠ። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ መጨረሻው ላይ አደባባዩ ይታያል፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ነጭ ጓንት ያደረገች ትንሽዬ ሰው እጇን ታነሳለች ታወርዳለች። እማዬ! ካንዴላው እዛ ነው። ከአደባባዩ ወዲያ ሜዳው ቅርብ ነው። ሰዓቱ ግን ሄዷል። እንቁራሪት ደግሞ እስካሁን አልገፋም ስትል ቆይታ አሁን አልያዝም አለች፤ ልክ የሜዳው ሽታ እንደደረሳት ወደፊት ትጎትታቸዋለች። አባትና ልጅ በመግፋት ፋንታ ወደኋላ ይዘው ማስቀረት ሆነ ስራቸው።

«አባዬ፣ ብቀመጥባትስ?»

«ባዶ ብላለች እናትሽ።»

«ሞተር የለም እኮ። ሞተር ከሌለ መንዳት አይባልም። መንከባለል ነው።»

«መንከባለል…» አለ አባቷ። ቃሉን አፉ ውስጥ አገላበጠው። ድክመቱ ይሄ ነው ሰውዬው፤ ነገሩ በሜካኒክ ካስኬደ ሌላው አይታየውም። «ፍሬኗ መቼም ጥሩ ነው። እኔው ነኝ ያሰርኩት…»

«አየህ!»

«ቆይ ግን፣ መንገዱ…»

ቁንጫ ተቀምጣለች። ቆይ የሚለው ቃል ከኋላዋ ቀረ።

መጀመሪያ እንዴት ደስ እንዳላት! ነፋሱ ፊቷን መታው፣ አስፋልቱ ከስሯ እንደ ውሃ ይሄዳል፣ የጠዋቱ ጭንቀት ሁሉ ከጀርባዋ በነነ። ለብቻዋ ሳቀች። ከዛ ወደ ጎን አየች።

ጎማ። የሚታያት ጎማ ብቻ ነው። ከአጠገቧ መኪና አለፈ፣ መስኮቱን አላየችውም፣ ሹፌሩን አላየችውም፤ ያየችው ጎማውንና የጎማውን ብሎን ነው። የሌላው ጭስ ማውጫ ቀጥታ አፍንጫዋ ላይ ተነፈሰ። እዛ ጋራዥ ውስጥ ትልቅ የነበረችው እንቁራሪት እዚህ ተረከዝ ስር የገባች ነገር ሆነች።

ከኋላ አውቶቡስ መጣ። ጥላው ቀደማት፣ ከዛ ራሱ መጣ፣ ጎማው ከጭንቅላቷ በላይ። አልፎ ይሄዳል ብላ ጠበቀች። አላለፈም። ወደ ማቆሚያው ሊጠጋ ወደ ዳር ፍሬቻ አብርቶ ቀስ ብሎ ወደሷ ማዘንበል ጀመረ። በዚህ አውቶቡስ፣ በዚያ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ። ክላክሷን ተጫነች፤ ጢጥ። መብራቷን አበራች። ፍሬቻዋን ለኮሰች። ያ ሁሉ በስንት ልፋት የተገጠመ ነገር በአንዴ ጮኸ፣ በራ፣ ብልጭ ድርግም አለ፤ ሰሚም ተመልካችም የለም። ፍሬኑን ረገጠች፣ ጎማው ሲጢጥ አለ፣ ቁልቁለቱ ግን አሁንም ይጎትታታል። የግራ ስፖኪዮዋ ቀጭ ብሎ ተነቀለ። አውቶቡሱ ወሰደው።

ፊሽካ ተነፋ።

እንደሱ አይነት ፊሽካ ሰምታ አታውቅም። ረጅም፣ የሚሰነጥቅ፣ የማያቋርጥ። አውቶቡሱ ተንፈስ ብሎ ባለበት ደረቀ። እንቁራሪትም ጎማው አጠገብ፣ እጅ ቢዘረጋ በሚነካ ቦታ ላይ ቆመች።

ሹፌሩ በመስኮት ብቅ አለ። «ምን አጠፋሁ? አለቃ፣ ምን አደረግኩ?» እያለ ወደፊት ያያል፣ ወደኋላ ያያል። ወደታች አላየም። እናቷ ከአደባባዩ እየሮጠች መጣች፣ ባርኔጣዋ ወድቋል። ሹፌሩ ወርዶ ዞሮ ሲመጣ ነው ቁንጫን ያገኛት። ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ።

«ኧረ በፈጠረሽ! አንቺ ደሞ ከየት በቀልሽ?»

ቁንጫ ከወንበሩ አልተነሳችም፤ ፍሬኑን እንደረገጠች ነው። እናቷ በብብቷ ይዛ አነሳቻት፣ ክንዷን፣ ትከሻዋን፣ አንገቷን ዳበሰች። ምንም እንዳልሆነች ስታውቅ ነው የተቆጣችው፣ እሱንም በሹክሹክታ። ጩኸት ይሻል ነበር።

«ምን ብዬ ነበር?»

«ባዶ።»

«ምን ብዬ ነበር?»

«ባዶ ብለሽ ነበር እማዬ። አላየኝም። ክላክስ ነፍቼ፣ መብራት አብርቼ… ምንም አላየኝም።»

«እንዴት ብሎ ያይሻል? ከዛ ላይ ተቀምጦ አንቺ የለሽም።»

«አንቺ ግን አየሽኝ።»

«መች አየሁሽ?» አለች እናቷ። «አባትሽን ነው ያየሁት። እጁን ዘርግቶ ባዶ አስፋልት ሲያባርር። ይሄ ሰውዬ መቼም በባዶ ሜዳ አይሮጥም ብዬ ነው የነፋሁት።»

ሰውዬው በዚህ መሀል እያለከለከ ደረሰ። ፊቱ አመድ መስሏል። አፉን ከፈተ፤ ሚስቱ ጣቷን አነሳችበት።

«አንተን ቤት እንገናኛለን።»

ጎንበስ ብሎ እንቁራሪትን ከጎማው ሳብ አደረጋት።

አደባባዩ ላይ ደግሞ ትራፊክ የለም ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አራቱም አቅጣጫ ገብቶ ተቆላልፏል፣ ጥሩምባው ሰማይ ይነካል። እናትየዋ ባርኔጣዋን ከአስፋልት አነሳች፣ አራገፈች፣ እንቁራሪትን አስገፍታ ጠርዙ ላይ አስወጣቻት። «እዚህ ተቀመጪ፤» ብላት ወደ ስራዋ ሮጠች። ስለ ካንዴላው ምንም አላለችም።

ቁንጫ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች። ሰዓቷን አየች። እናቷን አየች። አባቷ ከጎኗ ቁጭ አለና ግራ ቀኙን አይቶ፣ እጁን ቱታው ኪስ ውስጥ ገባ አድርጎ በመዳፉ አንድ ነገር አሳያት። ካንዴላ!

«ከየት አመጣኸው?»

«እኔ ኪሴ ውስጥ ካንዴላ የሌለበት ቀን አለ? ነይ፣ በዚህ ጥግ ገፍተን እንሻገር። ትደርሻለሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያለህ?»

«ሁልጊዜ።»

«አባዬ! እና ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ስለምናችሁ፣ ሳለቅስ…»

«እናትሽ ወሰደች ማለት ወሰደች ነው፤» አለ። «ዛሬ ግን ቀንሽ እንዳያልፍ ብዬ ነው።»

ቁንጫ ካንዴላውን አየችው። አዲስ ነው፣ ያብለጨልጫል። እግሯ ለመነሳት ራሱ ተንቀሳቀሰ። ሜዳው ወዲያ ማዶ ነው፣ ሞተር ሲያጉረመርም ሁሉ የሚሰማት መሰላት። ደግሞ ያ ጎማ መጣባት። የአባቷን ጣቶች አንድ በአንድ አጥፋ መዳፉን ዘጋችው።

«እሷ ካልሰጠችኝ አልሄድም።»

«ይዘጋብሻል እኮ።»

«አውቃለሁ። አትንገረኝ።»

ተቀመጠች። ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ እግሯ እየዘለለ፣ ከንፈሯን እየበላች። ግን ተቀመጠች። አባቷ እንደ ጉድ አያት።

እናትየዋ መኪናውን አንድ በአንድ ፈታችው። አንዱን በእጇ ትጠራለች፣ አንዱን በአይኗ ታስቆማለች። ጥሩምባው እየረገበ መጣ። ከዛ ዘወር ስትል ልጇ እዛው ጠርዙ ላይ ነች። መጣች።

«በሩ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?»

«አራት።»

እናቷ ሰዓቷን አየች። «እና እዚህ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«አንቺን።»

ትራፊኳ ልጇን አየች፣ ባሏን አየች፣ የባሏን የተጨበጠ መዳፍም አየች፤ ምን እንደያዘ ሳታውቅ የምትቀር አይመስለኝም። ተመልሳ ወደ መሀል ገባች። ፊሽካዋን ነፋች። አንዱን እጇን ወደዚህ፣ አንዱን ወደዚያ ዘረጋች፣ አራቱም መንገድ ቀጥ አለ። አንበሳ የሚያህሉ የጭነት መኪኖች፣ ታክሲዎች፣ ያ አውቶቡስ ራሱ፣ ሁሉም ቆመው ሁለት ጎንበስ ያሉ ሰዎች አንዲት አረንጓዴ ነገር ሲገፉ ተመለከቱ።

አጠገቧ ሲደርሱ እናትየዋ ኪሷ ገባችና ካንዴላውን ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«ወንበሩ ተይዟል፤» አለች። «አሁን ማንም አይቀመጥበትም። ግፉ!»

ገፉ። እንዴት እንደገፉ! አባቷ ወገቤን ማለት ረሳ። ዘበኛው የሜዳውን በር እየጎተተ ሳለ የእንቁራሪት አፍንጫ ገባ።

«ዘግቻለሁ!» አለ ዘበኛው።

«በማን ላይ?» አለ አባቷ፤ ግማሿ ውስጥ ነች።

ዘበኛው ሳቀና በሩን መልሶ ከፈተው። ካርት መርማሪው ግን አልሳቀም መጀመሪያ። እንቁራሪትን ዞረ፣ ጎንበስ አለ፣ እንደገና ዞረ።

«ይሄ ምንድነው? መብራት? ፍሬቻ? ክላክስ?… ስፖኪዮ!» እዚህ ጋ ሳቁ አመለጠው። «ገበያ ልትሄዱ ነው? ሜዳ ላይ ተሰብሮ የሚበር ነገር አይገባም። ሁሉም ይውረድ። ሌላኛው ስፖኪዮ የታል?»

«አውቶቡስ ወሰደው፤» አለች ቁንጫ።

አባቷ ካቻቢቴውን አውጥቶ መፍታት ጀመረ። ለአስፋልት አልበቃ ያለው ሁሉ ለሜዳው ደግሞ በዝቶ ተገኘ። መብራቱን ሲፈታ ቀስ ብሎ ነው፣ ክላክሱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሌሎቹ በዚህ መሀል ማሟሟቂያ ዙራቸውን ጨርሰዋል። «አንቺ አላሟሟቅሽም፣ ከመጨረሻ ትነሻለሽ፤» አላት መርማሪው። ይሁን አለች።

ከሰልፉ ኋላ ገብታ ተቀመጠች። ግራዋን አየች፣ ቀኟን አየች። ጎማዎቹ ሁሉ የሷን ጎማ ያክላሉ። ከጎኗ ያለችው ልጅ ከራስ ቁሯ ውስጥ ቀጥታ አይኗን አይታ አውራ ጣቷን አነሳችላት። ቁንጫ በረጅሙ ተነፈሰች።

አባቷ ገመዱን ጎተተ። ምንም። ደግሞ ጎተተ። ምንም። ግንባሩን ላብ አጠመቀው፣ ባንዲራ ያዡ ወደነሱ ያያል።

«ምን ሆነች? ነዳጅ አላት… አየር አላት…» አለና ድንገት እጁን ወደ ቱታው ኪስ ሰደደ።

«እሱን አይደለም!» አለች ቁንጫ።

የቀኝ እጇን ዘረጋች። በሩ ላይ ከወንበሩ ካነሳችው ጀምሮ ጨብጣው ስለቆየች ጣቶቿ በግድ ነው የተላቀቁት፤ የካንዴላው ጥርስ መዳፏ ላይ ታትሟል። አባቷ ካንዴላዋን ተቀበላት፣ ሞቃለች፣ በቱታው ጠረግ አድርጎ ሞተሩ ላይ አሰራት፣ ገመዱን ጎተተ።

እንቁራሪት ዘለል አለች።